ለሰው የደማው ፈረስ፦ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ታሪክና የኛ ዕዳ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች «ከሙያችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ስለ ደስታ በሽታ እንደሆነ አውቃለሁ። አትሳሳቱም፤ የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ታሪክ ሲነሣ እሱን የሚቀድም የለም። በ1888 ገደማ ገብቶ ከብቱን ጠራርጎ ክፉ ቀንን ያመጣ፣ በ2011 ደግሞ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀ በሽታ ነው። ከኛም መሀል በየቆላው ክትባት ተሸክሞ የዞረ ስንት ሰው አለ። (ከዚህ ጀምሮ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እኔ ግን የዚያን ተቃራኒ ላነሣ ነው፦ ከምድር የማይጠፋውን፣ ዘመቻ የማይደረግበትን፣ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው የማይተላለፈውን በሽታ። መንጋጋ ቆልፍን፣ በተለይ ደግሞ የፈረስን መንጋጋ ቆልፍ። ዛሬ ሕፃናትንና እናቶችን ከዚህ በሽታ የሚጠብቀው ክትባት ታሪኩ በፈረስ ደም የተሞላ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የሚገርመው፣ ያ ሁሉ ደም የተቀዳለት መከላከያ ለራሱ ለፈረሱ፣ ቢያንስ ለኛ አገር የጋሪ ፈረስ፣ ገና በወጉ አልደረሰም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚህ ዕዳ ነው።

ከአፈር የመጣ ጠላት

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ሰው ሚስማር ወግቶት፣ ፈረስ ሰኮናው ተበስቶ በሁለተኛው ሳምንት መንጋጋው ሲቆለፍ ምክንያቱን በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። በ1884 ካርሌና ራቶኔ የተባሉ ጣሊያኖች ቱሪን ላይ በበሽታው ከሞተ ሰው ቁስል ናሙና ወስደው ጥንቸል ወጉበት፤ ጥንቸሎቹ ታመሙ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ኒኮላየር ተራ የአትክልት ቦታ አፈር እንስሳት ላይ ወግቶ በሽታውን አመጣ። ሁለቱን ውጤት አንድ ላይ ስናያቸው መልእክታቸው ግልጽ ነው፤ በሽታው የሚተላለፍ ነገር አለው፣ ያም ነገር የሚኖረው እግራችን ሥር ነው።

ጀርሙን ከሌላው ለይቶ ያሳደገው ጃፓናዊው ኪታሳቶ ነው፤ በ1889፣ በርሊን፣ ከሮበርት ኮህ ዘንድ ሲሠራ። ዘዴውን ማይክሮባዮሎጂ የተማርን ሁሉ እናስታውሰዋለን። ናሙናውን አሞቀው፤ ሌላው ጀርም ሲሞት ስፖሩ ተረፈ። ከዚያ ኦክስጅን በሌለበት አሳደገው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጫፉ ላይ ክብ ስፖር ያለው፣ የከበሮ መምቻ የሚመስል ዘንግ ነው። በኛ ጊዜ የፈተና ጥያቄ ሆኖ ያልቀረበበት ዓመት ያለ አይመስለኝም።

የጀርሙ ተንኮል ግን ያለው መርዙ ላይ ነው። ጀርሙ ራሱ ከቁስሉ ብዙም አይርቅም። መርዙ ግን ነርቭን ተከትሎ ወደ አከርካሪ ይገባና ጡንቻን «በቃ፣ ልቀቅ» የሚለውን መልእክት ያፍናል። ጡንቻው መጨበጥ እንጂ መልቀቅ ይሳነዋል። ይህ መርዝ ነርቭ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያወጣው መድኃኒት እስካሁን የለም። የክትባቱ ታሪክ በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህች አንድ ነጥብ ዙሪያ ነው፤ ከመርዙ መቅደም እንጂ ከመርዙ ኋላ መሮጥ አያዋጣም።

በ1890 መጨረሻ ቤሪንግና ኪታሳቶ፣ በጥቂት በጥቂቱ መርዙን የለመደ እንስሳ ደም ውስጥ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር እንደሚፈጠርና ያም ሴረም ሌላውን እንስሳ እንደሚያድን አሳወቁ። በ1901 የመጀመሪያው የሕክምና ኖቤል ሲሰጥ የተሸለመው ቤሪንግ ብቻ ነው፤ ኪታሳቶ አልተካተተም። ከሁለቱም ይልቅ የተረሳው ግን ፈረሱ ነው።

የፈረስ ደም

ሴረሙ በብዛት ይፈለግ ጀመር። ከጥንቸል ስንት ጠብታ ይገኛል? ፈረስ ትልቅ ነው፤ ደሙ ብዙ ነው፤ ከሰው ጋር መኖር ለምዷል፤ መርዙን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ቢወጉት ኃይለኛ ሴረም ይሰጣል። በየከተማው የሴረም በረት ተከፈተ። ለመንጋጋ ቆልፍም ሆነ ያን ጊዜ ሕፃናትን በየቤቱ ያንቅ ለነበረው ዲፍቴሪያ መድኃኒቱ የሚቀዳው ከፈረስ አንገት ሆነ።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረባችን የሆነ አንድ ሰው መነሣት አለበት፤ ኤድሞን ኖካር። ፓሪስ አጠገብ ባለው የአልፎር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ኖካር ሴረሙን ለፈረንሳይ የእንስሳት ሐኪሞች አደለ። እነሱም የተኮላሸ፣ ጭራው የተቆረጠ ወይም ሰኮናው የተወጋ ፈረስ ሲያገኙ በሽታው ሳይታይ ቀድመው ወጉት። ከ2,000 በላይ እንስሳት እንዲህ ተጠበቁ፤ ሴረሙን ባላገኙት ላይ ደግሞ በሽታው እንደልማዱ ቀጠለ። ከታመመ በኋላ ተስፋ የማይጣልበት ሴረም ቀድሞ ሲሰጥ እንደሚያድን የታየው በኛ ሙያ ሰዎች እጅ፣ በፈረስ ገላ ላይ ነው ማለት ነው።

ትምህርቱ ወደ ሰው የተሻገረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጦርነቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ፋንድያ ተበትኖበት በኖረ የቤልጂግና የሰሜን ፈረንሳይ እርሻ ላይ ከወደቁት 1,000 የእንግሊዝ ቁስለኞች 8 ወይም 9 ያህሉ መንጋጋ ቆልፍ ይይዛቸው ነበር። ለቁስለኛ ሁሉ የፈረስ ሴረም መወጋት ሲጀመር፣ ዓመቱ ሳያልቅ ቁጥሩ ከ2 በታች ወረደ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አባቶቻችን። በዚያ ጦርነት ፈረስ መድፍም ጎተተ፣ ደሙንም ለቁስለኛው ሰጠ።

ጂም የሚባለው ፈረስ

ፈረሱን ሳይጠብቁ ሰውን መጠበቅ እንደማይቻል ግን ከዚያ በፊት በከባድ ዋጋ ታይቶ ነበር። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ቀድሞ የወተት ጋሪ ይጎትት የነበረ ጂም የሚባል ፈረስ ነበር። የከተማው ጤና መሥሪያ ቤት ለዲፍቴሪያ ሴረም መቅጃ አደረገው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 28 ሊትር ገደማ ሴረም ሰጠ። በ1901 መስከረም ማብቂያ ላይ ደም ተቀዳለት። ከጥቂት ቀን በኋላ ጂም መንጋጋ ቆልፍ እንደያዘው ታወቀና ተገደለ። ቀድሞ የተቀዳው ሴረም ግን ሳይመረመር ወጣ፤ የበሽታው መርዝ ውስጡ ነበር። ከዲፍቴሪያ እንዲድኑ የተወጉ 13 ሕፃናት በመንጋጋ ቆልፍ ሞቱ።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1902፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ክትባትና ሴረም የሚያመርት ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣና እንዲመረመር የሚያዝ ሕግ አወጣ። ዛሬ እያንዳንዱ የክትባት ጠርሙስ ላይ የምርት ቁጥርና ቀን ስናነብ ከጀርባው ያ ፈረስና እነዚያ ልጆች አሉ። ያን ጊዜ ጂምን በዘላቂነት የሚጠብቅ ክትባት በዓለም ላይ አልነበረም፤ ለመምጣት ገና ከ20 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር።

ፎርማሊንና ትዕግሥት

ክትባቱን ያመጣው ሐሳብ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጭንቅላት ነው የወጣው። ጋስቶን ራሞን የአልፎር ተማሪ ነበር፤ በኋላ በፓስተር ኢንስቲትዩት ሥር ጋርሽ በሚባል ቦታ ሴረም የሚቀዳባቸውን ፈረሶች ይከታተል ጀመር። ሴረም እንዳይበላሽ በትንሽ ፎርማሊን የማቆየት ልምድ ነበረው። ይኸው ፎርማሊን የዲፍቴሪያን መርዝ ከሙቀት ጋር ለሳምንታት ሲያገኘው፣ መርዙ መግደሉን ትቶ ሰውነትን ማስተማሩን እንደማይተው በ1923 አሳወቀ። «አናቶክሲን» አለው፤ እኛ ቶክሶይድ የምንለው ነው። በቀጣዩ ዓመት ዴስኮምቤ የተባለ ባልደረባው በዚያው መንገድ የመንጋጋ ቆልፍን ቶክሶይድ ሠራ።

ራሞን ሌላም ነገር አስተዋለ። መርፌው ያረፈበት ቦታ አብጦ መግል የቋጠረ ፈረስ ካልቋጠረው የበለጠ ኃይለኛ ሴረም ይሰጣል። ስለዚህ ሆን ብሎ ታፒዮካ የሚባለውን የካሳቫ ዱቄት ከመርፌው ጋር እየቀላቀለ ሞከረ፤ ሠራለት። ዛሬ በክትባት ውስጥ የሚጨመሩት አጋዥ ቅመሞች ታሪካቸው ከዚያ በረት ይነሣል። ራሞን ለኖቤል ከ150 ጊዜ በላይ ተጠቁሞ አንዴም አላገኘም። ለኛ ለተመራቂዎቹ ግን ስሙ የሚያኮራ ነው፤ የሰው ልጅን ከሁለት ገዳይ በሽታዎች የጠበቀው ሐሳብ የወጣው ፈረስ ከሚያይ ሐኪም ነው።

በሴረምና በቶክሶይድ መካከል ያለው ልዩነት የተገዛ እንጀራና የራስ ምጣድ ያህል ነው። ሴረም የሌላ እንስሳ ፀረ መርዝ ነው፤ ወዲያው ይሠራል፣ በሳምንታት ውስጥ ግን ያልቃል። ቶክሶይድ ግን ፈረሱ የራሱን ፀረ መርዝ እንዲያመርት ያስተምረዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮቹን በቶክሶይድ ከትቦ የዘመተው የአሜሪካ ጦር በጦርነቱ ዘመን ሁሉ የመዘገበው መንጋጋ ቆልፍ 12 ብቻ ነው።

ሴረም ሌላም ጣጣ አለው። በ1918 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አርኖልድ ቴይለር ፈረሶችን ከአፍሪካ የፈረስ በሽታ ለመጠበቅ ከክትባቱ ጋር የፈረስ ሴረም ይሰጥ ነበር። ከሳምንታት በኋላ አንዳንዶቹ ጉበታቸው ባንዴ ተበላሽቶ ሞቱ። በኋላ ይኸው ችግር የመንጋጋ ቆልፍ ሴረም በተወጉ ፈረሶችም ላይ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ታየ። ምክንያቱ ለመቶ ዓመት ያህል እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቶ በ2018 ከሴረም ጋር የሚተላለፍ አንድ የፈረስ ፓርቮቫይረስ ተገኘ። ስለዚህ ሴረምን ላልተከተበና ለቆሰለ ፈረስ ማስቀመጥ፣ ለቀረው ሁሉ ግን አስቀድሞ መከተብ ነው የሚሻለው።

ወደ ደጃችን

ፈረስ በኛ አገር ማን እንደሆነ ለእናንተ አልናገርም። ነገሥታቱና መኳንንቱ የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር፤ አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው፣ አባ መላ። አዊ ውስጥ የአገው ፈረሰኞች በያመቱ ጥር 23 ፈረሳቸውን ሸልመው ይወጣሉ። ከዓለም በአህያ ብዛት አንደኛ ነን፤ ፈረሳችንም ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋል። ከዚህ ሁሉ ክብር ጋር ግን የጋማ ከብት በሙያችን ውስጥ ሁልጊዜ የእንጀራ ልጅ ነበር። ፋኩልቲያችን በ1979 ደብረ ዘይት ላይ ሲቋቋም አገሪቱ የጠበቀችብን የቀንድ ከብቱን እንድናድን ነበር፤ አይፈረድባትም። የማይታረድ፣ የማይታለብ እንስሳ በጀት ሲደለደል ጠበቃ የለውም።

ከተመረቅሁ በኋላ በአንድ የወረዳ ክሊኒክ ስሠራ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ባለጋሪ ፈረሳቸውን እየጎተቱ አመጡ። እየጎተቱ የምለው ፈረሱ እግሩን ማጠፍ ስላልቻለ ነው፤ እንደ እንጨት ፈረስ አራቱን ዘርግቶ ገትሮ ቆሟል። ጆሮው ቀጥ ብሏል፣ ጭራው ተነሥቷል፣ አፉ አይከፈትም። አገጩን ከፍ ሳደርገው ሦስተኛው የዐይን ሽፋን ዐይኑን ጋረደው። ሰኮናው ሥር የሚስማር ቀዳዳ ነበር፤ ከላይ ድኗል። ጨለማ ክፍል አስገባነው፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ከተትን፣ ቁስሉን ከፍተን አጠብን፣ ፔኒሲሊንና ማስታገሻ ሰጠን። ሴረም በእጃችን አልነበረም። በአራተኛው ቀን ሞተ።

ባለጋሪው አላለቀሱም። «ዶክተር፣ ይኼ ነገር ከሚስማሩ በፊት የሚሰጥ መርፌ የለውም ኖሯል?» ብቻ አሉኝ። «አለው፣ አባባ» አልኳቸው። «ታዲያ እኛ ጋ ለምን አልመጣም?» ጋሪው የአምስት ልጆች እንጀራ ነበር። ለዚህ ጥያቄ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም፤ ታሪኩን ሳጠና ግን ቢያንስ ምክንያቱን የተረዳሁ ይመስለኛል።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። የደስታ በሽታ ከከብት ወደ ከብት ስለሚዛመት፣ በቂ ከብት ከተከተበ ያልተከተበውም ይድናል። ስለዚህ መንግሥት ይዘምታል፣ ዓለምም ገንዘብ ይሰጣል፣ መጨረሻው በቀን ይታወጃል። መንጋጋ ቆልፍ ግን የሚመጣው ከአፈር ነው። በፈረስ ሆድ ውስጥ ይኖራል፣ በፋንድያ ይወጣል፣ በጋሪ መቆሚያው አቧራ ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። የጎረቤት ፈረስ መከተቡ የናንተን ፈረስ አያድነውም። እያንዳንዱ ፈረስ የሚድነው በራሱ መርፌ ብቻ ነው። ዘመቻ ሊያወጣለት የሚችል ነገር የለውም፤ የሐኪምና የባለቤት፣ የአንድ ለአንድ ሥራ ነው። ዘመቻ የለመደ ሙያ እንዲህ ያለውን ሥራ በቀላሉ ይረሳዋል።

በሰው በኩል ይህን አንድ ለአንድ ሥራ አገራችን ችላበታለች። በ2017 ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ ተረጋግጧል። ጀርሙ ጠፍቶ አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው እናቶችን አንድ በአንድ ስለተከታተሉ ነው። ለባዝራዋስ ማን አላት?

ምን ይደረግ?

አሠራሩን ለማታውቁት አልጽፍም፤ ከክሊኒክ ሥራ ከራቃችሁ ግን ላስታውሳችሁ። ያልተከተበ አዋቂ ፈረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ልዩነት ሁለት መርፌ ይወስዳል፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ ማጠናከሪያ። የተከተበ ፈረስ ካለፈው መርፌው ከ6 ወር በኋላ ከቆሰለ ወይም ሊኮላሽ ከሆነ እንደገና ይወጋል። ያረገዘች ባዝራ ከመውለዷ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብላ ትከተባለች። ምክንያቱን ልብ በሉ፦ በሰው ላይ የእናት ፀረ መርዝ በእንግዴ ልጅ በኩል ለጽንሱ ይደርሳል፤ በፈረስ ግን አያልፍም። ውርንጭላው የእናቱን ጥበቃ የሚያገኘው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሚጠባው እንገር ብቻ ነው። እንገሩ ይታለብና ይደፋ የሚል ካለ፣ መከላከያውን እየደፋ መሆኑን በትሕትና ንገሩት። የተከተበች ባዝራ ልጅ ከ4 እስከ 6 ወሩ የራሱን ክትባት ይጀምራል።

መርፌው ቁስል ማጠብን አይተካም። ስፖሩ አየር የማያገኝ ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ይወዳል፤ ላዩ የዳነ የሰኮና ቁስል ከሰፊው ቁስል ይልቅ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። ፋንድያ ወይም አፈር ቁስል ላይ ማድረግን፣ ያልጸዳ ብረት መተኮስን ባየንበት ሁሉ ሰበቡን እያስረዳን እናስተው። አህያና በቅሎም አይረሱ፤ ተመሳሳይ ሚስማር ነው የሚረግጡት።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በያመቱ ስንገናኝ ለቲሸርትና ለኬክ እናዋጣለን፤ አይከፋም፣ እኔም ለብሼዋለሁ፣ እኔም በልቻለሁ። ከዚያው መዋጮ ጥቂቱን አንስተን፣ ከተማሪዎቹ ጋር ወደ አንድ የጋሪ መቆሚያ ወርደን ፈረሶቹን ብንከትብስ? ግን አንድ ቀን ወግቶ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ በዚህ በሽታ ላይ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሁለተኛው መርፌ ከወር በኋላ ነው፤ ማጠናከሪያው በያመቱ ነው። የእያንዳንዱ ፈረስ መዝገብ የሚይዝ፣ ቀኑ ሲደርስ ለባለጋሪው የሚደውል ሰው ያስፈልጋል። ለመምህራኑ ደግሞ ይህ ለተማሪ የክሊኒክ ልምምድ ከዓመት ዓመት የማያልቅ ሥራ ነው፤ ሲኒየሩ ለጁኒየሩ መዝገቡን እያስረከበ ይቀጥላል። እኛም ተመራቂዎቹ የክትባቱን ዋጋ እንሸፍናለን። በሥራ የቆየን ሰዎች ሚስማሩን የሚቀድም መርፌ ከሚስማሩ በኋላ ከሚደረገው ሁሉ እንደሚረክስ እናውቃለን። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለክትባት የተተረተ ይመስላል።

ኖካርና ራሞን ፈረስን ያዩ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው፤ የሠሩት ሥራ ግን የሰውን ልጅ ሁሉ ጠቀመ። የኛ ድርሻ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ የተገኘውን መልሶ ለፈረሱ ማድረስ። በሚቀጥለው የመገናኛ ስብሰባ አጀንዳ ላይ ይህ ሐሳብ እንዲያዝልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መልካም የመገናኛ በዓል!